«ቤተሰብ ነን» የሚል ኩባንያ ደንቡን ያሳየን

በኦገስት 2012 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማሪካና በተባለች ቦታ የሎንሚን ኩባንያ የፕላቲነም ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቁመው ዎንደርኮፕ ሰፈር አጠገብ ባለች ድንጋያማ ጉብታ ላይ ተሰበሰቡ። የጠየቁት የወር ደመወዝ 12,500 ራንድ ነበር። ከደመወዙ እኩል ሲደጋግሙት የሰነበቱት ሌላም ጥያቄ ነበራቸው፤ አለቆቻችን እዚህ ድረስ ይምጡና ያነጋግሩን። ኩባንያው አልመጣም። የሥራ ማቆሙ ሕገ ወጥ ነው፣ ድርድር የሚደረገውም በታወቀው የሠራተኛ ማኅበር በኩል ብቻ ነው አለ። ኦገስት 16 ቀን ፖሊስ ተኩስ ከፍቶ 34 ሰው ገደለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ጥቂት ቀናትም ሁለት ፖሊሶችና ሁለት የኩባንያው ጥበቃዎች የሚገኙባቸው 10 ሰዎች ሞተው ነበር።

ይህ የሆነው አፍሪካዊ አብሮነት እንደ አስተዳደር ትምህርት ከየትም አገር በላይ በተሰበከበት አገር ነው። ኡቡንቱ፣ ሰው በሰዎች ሰው ይሆናል የሚለው ፍልስፍና፣ ማሪካና ላይ ጥይት ሲተኮስ በደቡብ አፍሪካ የንግድ ትምህርት ቤቶች፣ የሥልጠና አዳራሾችና የቦርድ መመሪያዎች ውስጥ ወደ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ትምህርት ከጉብታዋ ሥር ሲደርስ የት ገባ?

ትምህርቱ የተጀመረበትን ጊዜ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አፓርታይድ እየተሰናበተ ነበር፤ ፋብሪካው፣ ባንኩና ማዕድኑ ግን እንዳለ ነበር። ላይ ነጭ አለቃ፣ ታች ጥቁር ሠራተኛ፣ መሃል ላይ የዘመናት ቂም። ቀደም ባሉት ዓመታት የአሜሪካ የአስተዳደር ምሁራን የጃፓን ኩባንያዎች እንዴት እንደቀደሟቸው ሲመረምሩ ከርመው፣ ከምሥጢሩ ግማሹ ባህል ነው ብለው ነበር። ጃፓን በባህሏ ከሠራች እኛስ በባህላችን ለምን አንሠራም የሚል ጥያቄ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተነሣ። ዚምባብዌያዊው ላቭሞር ምቢጊ በአገሩ ምሥራቃዊ ደጋ ባሉ የሻይ እርሻዎች ላይ የሞከረውን ይዞ መጣ፤ በ1995 ከጄኒ ማሪ ጋር ባሳተመው መጽሐፍም ኡቡንቱን የድርጅት ለውጥ መንፈስ አድርጎ አቀረበው። በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያው የኤስኮም የቦርድ ሰብሳቢ የሆነው ሩዌል ኮዛም በዚያው መስመር ጻፈ።

መንግሥትም በበኩሉ በዚያው ቋንቋ ይናገር ነበር። የ1993ቱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት መዝጊያ ላይ ኡቡንቱ በስሙ ተጠቅሷል። በ1995 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የሞት ቅጣትን ሲሽር ዳኞቹ ጠቅሰውታል። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽኑን ሲመሩ ከአፋቸው አይለይም ነበር። በ1996 የጸደቀው ቋሚ ሕገ መንግሥት ላይ ግን ቃሉ የለም። ዚምባብዌም ነፃ በወጣችበት በ1980 ሳምካንጌ የተባሉት ባልና ሚስት ኡቡንቱን የፖለቲካ ፍልስፍና ያደረገ መጽሐፍ አውጥተው ነበር። ሁለቱም ጊዜ ፍልስፍናው ብራና ላይ የሰፈረው ትናንት ገዢና ተገዢ የነበሩ ሰዎች ነገ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊያድሩ ሲሰናዱ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለውም። ለማስታረቅ የተጻፈ ትምህርት ግን ስለ ይቅርታ ብዙ፣ ስለ ሒሳብ ጥቂት ቢናገር አይገርምም።

የትምህርቱ ይዘት አጭር ነው። የምዕራቡ አስተዳደር ሠራተኛውን ውል የፈረመ ግለሰብ አድርጎ ያየዋል፤ ኡቡንቱ ደግሞ የማኅበር አባል። ውሳኔ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን ተነጋግሮ በመስማማት ይገኛል። መሪ አገልጋይ ነው። ድርጅቱ መንደር ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው አብዛኛው ነገር ይህንኑ በተለያየ ሥዕላዊ መግለጫ መደጋገም ነው፤ ዘርዝሬ አንባቢን አላደክምም።

የኔ ቅሬታ ከመንደሩ ወደ ኩባንያው በመጣውና መንደሩ ውስጥ በቀረው መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ዘፈኑ መጣ፣ የጠዋት ሰላምታው መጣ፣ ቲሸርቱ መጣ። ሸንጎው ቀረ።

ሸንጎ ስል የማወራው ስለ ተጨበጠ ነገር ነው። ኔልሰን ማንዴላ በልጅነታቸው ባደጉበት በምቄኬዝዌኒ የቴምቡ ሕዝብ እንደራሴ የነበሩት ጆንጊንታባ ሰው ሰብስበው ጉዳይ ሲያዩ የነበረውን ሥርዓት ነግረውናል። መናገር የፈለገ ሁሉ ይናገራል፤ እንደራሴውንም ፊት ለፊት ይወቅሳል። እሳቸው ዝም ብለው ይሰማሉ። የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም የተባለውን ለማሰባሰብ። ስምምነት ከጠፋ ሌላ ስብሰባ ይጠራል። ቦትስዋናም ውስጥ ክጎትላ በሚባለው አደባባይ አለቃው ይህንኑ ይጠበቅበታል። እንግዲህ ይህ ሥርዓት ከላይ ወደ ታች ሲታይ ለአለቃው ምቹ አይደለም። ቀድሞ የመናገር ሥልጣኑን ይነጥቀዋል፣ ስድብ ያስችለዋል፣ ቀኑን ይበላበታል። (ሴቶች በዚያ ሸንጎ ላይ ድምፅ እንዳልነበራቸው ማንዴላም አልደበቁም። ወደዚህ እመለሳለሁ።) በኡቡንቱ ስም የሠለጠነ ሥራ አስኪያጅ ስብሰባ ሲከፍት ግን መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው፣ የሚዘጋውም እሱ፤ በመሃል «ሐሳብ ያላችሁ» ይባላል።

ማሪካና ላይ የነበረውን በዚህ ዓይን ካየነው፣ ሸንጎውን የጠሩት ሠራተኞቹ ናቸው። ጉብታው ላይ ተቀምጠው የጠበቁት አለቃ መጥቶ እንዲሰማ ነው። ጉዳዩን የመረመረው በዳኛ ኢያን ፋርላም የተመራው ኮሚሽን ሪፖርቱ በ2015 ይፋ ሲሆን፣ ሎንሚን አለመግባባቱን ለመፍታት የሚችለውን ሁሉ አላደረገም ብሏል። ሌላም ነገር መዝግቧል። ኩባንያው የማዕድን ፈቃዱ በሚያስገድደው ማኅበራዊ ዕቅድ ውስጥ ለሠራተኞቹ 5,500 ቤቶች እሠራለሁ ብሎ ነበር፤ የሠራው ለማሳያ የሚሆኑ ሦስት ቤቶች ነው። ሠራተኛው በቆርቆሮ ዛኒጋባ እየኖረ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ፤ የመጣሁበት ምክንያት አለኝ። ስለ አፍሪካ የአብሮነት ድርጅት የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ሊጠቅሰው የሚገባው ትልቁ ማስረጃ እድር ይመስለኛል፤ የሚጠቅሰው ግን ጥቂት ነው። እድርን ብዙዎቻችን ከጥንት ገጠር የወረስነው አድርገን እናስበዋለን። አጥኚዎች ግን መስፋፋቱን ከከተማ ማደግና ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጋር ያያይዙታል። ከየአገሩ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው ቢሞት ማን ይቀብረዋል የሚል ጥያቄ የወለደው ነው። ስለዚህ እድር በዘመድ መካከል የተፈጠረ ሳይሆን ዘመድ የራቃቸው ባዕዳን የፈጠሩት ድርጅት ነው። ለኩባንያ የሚቀርበውም በዚህ ነው፤ ኩባንያም የማይዛመዱ ሰዎች ስብስብ ነውና።

እድር እንዴት እንደሚሠራ ከቅርብ ያየ ሰው፣ ፍቅር ብቻ እንዳላቆመው ያውቃል። ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ለፋፊ ጡሩምባውን እየነፋ ስሙን ይጠራል፤ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት። ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሰሃኑ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። ቀብር ላይ ስም ይጠራል። ያልተገኘ፣ በቂ ምክንያት ካላቀረበ፣ ይቀጣል። በወሩ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ያነባል፣ ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን ይናገራል፣ መዋጮ ያሳለፈ ሰው ስሙ በአደባባይ ይነሣል። ብዙ እድሮች ውስጥ የባንክ ደብተሩ ያለ ሁለት ሦስት ፊርማ አይንቀሳቀስም። ሒሳብ መርማሪ ይመረጣል። ባለ ፎቁም፣ ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤቱም እኩል ያዋጣል፤ ሰብሳቢው ራሱ ቀብር ከቀረ ቅጣቱ እንደ ማንም ነው። አረጋውያኑ ስለ ደንብ አንቀጽ ሲከራከሩ የሰማ ሰው ፓርላማ የገባ ይመስለዋል፤ ያውም ከፓርላማው የበለጠ ክርክር ያለበት።

እቁብም እንዲሁ ነው። እጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ብሩን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። ሰብሳቢው «ዳኛ» መባሉ ለጌጥ አይደለም፤ የሚዳኘው ነገር አለ። ከዋሽንግተን እስከ ዱባይና ቤይሩት ያሉ ልጆቻችን ሻንጣቸው ውስጥ ይዘው የሄዱት ይህንን ሥርዓት ከነዋሱና ከነዳኛው ነው። መተማመን የሚባለው ነገር እዚህ ላይ የተሠራ ነው፤ እንደ ጠል ከሰማይ የወረደ አይደለም።

በኢትዮጵያና በታንዛኒያ ገጠር የቀብር ማኅበራትን ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች በ2006 ባወጡት ሥራ ያገኙትም ከዚሁ ጋር ይገጥማል፤ የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት መዝገብ፣ መደበኛ መዋጮ፣ ቅጣት። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ከስዊዘርላንድ የግጦሽ መሬት እስከ ፊሊፒንስ መስኖ ድረስ የጋራ ሀብታቸውን ሳያጠፉ የኖሩ ማኅበረሰቦችን አነጻጽራ የጋራ ባሕርያቸውን አውጥታለች። አባሉ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ደንቡን የሚያወጡት የሚገዙበት ሰዎች ናቸው። ጠባቂው ለአባላቱ ተጠሪ ነው። ቅጣቱ ከቀላል ይጀምርና እየከበደ ይሄዳል። ክርክር በቅርብ፣ በርካሽ ይፈታል። ይህን ዝርዝር ለአንድ የእድር ጸሐፊ ብታነቡለት «የኛን ደንብ ከየት አገኘችው?» ቢል አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ነው «ቤተሰብ ነን» የሚለው ንግግር የሚያስቸግረኝ። በአገራችን መሥሪያ ቤቶችም እየበዛ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት ግቡ ሲባል ነው። ሎሚው ማን እንዳካፈለው፣ ማን ሁለት ይዞ ማን ስድስት እንደተሸከመ አይነሣም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011፣ ይህ በኛ አቆጣጠር) በሥራ ቀን በቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው ክፍያ ላይ ግማሽ ተጨምሮበት እንዲከፈል ያዛል፤ የሌሊቱና የእረፍት ቀኑ ከዚያም ይበልጣል። ቤተሰብ ከተባለ በኋላ ግን ትርፍ ሰዓት ውለታ ይሆናል፣ ክፍያውን የጠየቀም ባዕድ። ዓመቱ ሲያልቅ የትርፍ ክፍፍሉ ላይ ያ ቤተሰብ አይገኝም። እድር ውስጥ ይህ ቢደረግ ሰብሳቢው እስከ ቀጣዩ ስብሰባ አይቆይም።

አብሮነት ከላይ በትእዛዝ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ታንዛኒያ አሳይታለች። የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ኡጃማን (ቤተሰባዊነት እንደ ማለት ነው) ከአፍሪካ ሰፊ ቤተሰብ አስተሳሰብ አውጥተው በ1967 የአሩሻ መግለጫ የአገር መመሪያ አደረጉት። ከዚያ በፊት በአገሪቱ ደቡብ፣ ሩቩማ ውስጥ፣ ገበሬዎች በፈቃዳቸው ተደራጅተው መንደሮቻቸውን በራሳቸው ስብሰባ የሚያስተዳድሩበት የሩቩማ ልማት ማኅበር ነበር። ኔሬሬ ራሳቸው ያደንቁት ነበር። በ1969 ገዢው ፓርቲ ታኑ ማኅበሩን አፈረሰው፤ ከፓርቲው ቁጥጥር ውጭ የሆነ ድርጅት አያስፈልግም ተብሎ። ከ1973 በኋላ ደግሞ ሚሊዮኖች በግዴታ ወደ መንደር ተሰባሰቡ። አብሮነትን የሚሰብከው መንግሥት፣ አብሮነት በእውነት የሚሠራበትን ማኅበር ዘጋው። ከኩባንያው ቲሸርት ጋር ሳስተያየው የማየው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ አብሮነቱ ይፈለጋል፣ አብሮነቱ የሚወልደው ጠያቂ ግን አይፈለግም።

የሚቃወሙኝ ሰዎች የሚሉትን አውቀዋለሁ፣ ግማሹም ልክ ነው። ኩባንያ እድር አይደለም። ባለ ካፒታል አለው፣ ማባረር ይችላል፣ ገበያ ይጠብቀዋል። እድርተኛ ሰብሳቢውን ይሽራል፤ ሠራተኛ ሥራ አስኪያጁን አይሽርም። ተነጋግሮ መስማማትም ጉድ አለው፤ ሁሉም እስኪስማማ መጠበቅ ማለት ብዙ ጊዜ ደካማው እስኪደክመው መጠበቅ ነው። የሴቶቹን ዝምታ ያነሣሁት ለዚህ ነው። እኛም ዘንድ ብዙ ቦታ ሴቶች የራሳቸውን እድር ያቋቋሙት በወንዶቹ እድር ውስጥ ሥራው እንጂ ወንበሩ ስላልደረሳቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ፈላስፎቹም እዚህ ላይ ተከራክረዋል። ኬንያዊው ጆን ምቢቲ በ1969 «እኛ ስላለን እኔ አለሁ» የሚለውን ሐሳብ ዝነኛ ካደረጉት በኋላ፣ ናይጄሪያዊው ኢፌያኒ ሜንኪቲ ነገሩን አጠበቁት፤ ሙሉ ሰውነት የሚገኘው ከማኅበረሰቡ ነው፣ ማኅበረሰቡም ይቀድማል አሉ። ጋናዊው ክዋሜ ጊዬኬ ግን አልተቀበሉም። ሰው ማኅበራዊ ቢሆንም የራሱ አእምሮና መብት አለው፣ ማኅበረሰቡን ገምግሞ እምቢ ሊልም ይችላል ብለው ተከራከሩ። ይህ የክፍል ውስጥ ክርክር ብቻ ሊመስል ይችላል። ወደ ሥራ ቦታ ሲወርድ ግን በጣም ተግባራዊ ነው። በሜንኪቲ መንገድ የተደራጀ ኩባንያ ውስጥ ጉድ ያጋለጠ ሒሳብ ሠራተኛ ከሃዲ ነው፤ በጊዬኬ መንገድ ደግሞ ድርጅቱን ያተረፈ አባል። እኔ ከጊዬኬ ጋር ነኝ።

ከሁሉ የሚከብደው ማኅበረሰቡ የት ላይ ያበቃል የሚለው ነው። በሜይ 2008 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ጥቃት 62 ሰው ተገድሏል። ከሆሳዕናና ከአካባቢው ሄደው በጥቁሮች ሰፈሮች ሱቅ የከፈቱ ልጆቻችን ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተዘርፈዋል፣ ተገድለዋልም። «ሰው በሰዎች ሰው ይሆናል» ሲባል «ሰዎች» የተባሉት ጎረቤቶች ብቻ ከሆኑ፣ ባለ ሱቁ ኢትዮጵያዊ የት ይግባ? ኩባንያ ውስጥም ይኸው ነው። ቋሚ ሠራተኛው ቤተሰብ ሲሆን በኤጀንሲ የተቀጠረው ጽዳትና ጥበቃ ምንድን ነው? ዘመድ በዘመድ መቅጠርንም «አብሮነት» ብለው የሚጠሩት ሞልተዋል። እድር ለዚህ የሚሰጠው መልስ ቀላል ነው። የአካባቢው ሰው ሆኖ መግቢያውን የከፈለና ደንቡን የፈረመ አባል ነው፤ ዘሩ አይጠየቅም። ሁሉም እድር እንዲህ ነው አልልም፤ በብሔርና በትውልድ አገር የተቋቋሙም አሉ። የሰፈር እድር ግን በአብዛኛው እንዲህ ነው።

ደቡብ አፍሪካውያን ሸንጎውን ወደ ሥራ ቦታ የሚያስገባ ሕግ አጥተው አይደለም። በ1995 የወጣው የሥራ ግንኙነት ሕግ ከ100 በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት የሥራ ቦታ ጉባኤ የሚባል እንዲቋቋም ይፈቅዳል። አሠሪው ስለ ሥራ አደረጃጀት፣ ስለ ቅነሳ፣ ስለ አዲስ ማሽን ከመወሰኑ በፊት ጉባኤውን ማማከር አለበት፤ በአንዳንድ ጉዳዮች ላይ ያለ እሱ ስምምነት መወሰንም አይችልም። እንዲቋቋም መጠየቅ የሚችለው ግን አብዛኛውን ሠራተኛ የያዘ የሠራተኛ ማኅበር ብቻ ነው። ማኅበራቱ ቦታችንን ይወስድብናል ብለው ሰጉ፣ አሠሪዎችም አልጓጉለትም። የተቋቋሙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ወረቀት ላይ ያለው አንቀጽ ማሪካና ላይ ቢሠራ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር ማለት አልችልም፤ ያ ዓይነት መድረክ በሌለበት ቦታ ግን ሠራተኛው ጉብታ ላይ መውጣቱን አይተናል።

በሌላ በኩል የቦርዶች መመሪያ የሆነውና በቀድሞው ዳኛ በሜርቪን ኪንግ ስም የሚጠራው ሪፖርት አለ። የመጀመሪያው በ1994 ወጣ፤ በ2016 የወጣው አራተኛው መሠረተ ሐሳቦቹን ሲያስረዳ ኡቡንቱን ያነሣዋል። በጆሃንስበርግ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ኩባንያ መመሪያውን እንዴት እንደተገበረ ማስረዳት አለበት። በየዓመቱ የሚወጡት ሪፖርቶች ቆንጆ ናቸው፤ ፎቶግራፋቸውም።

ከዚያ ሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው አንድ ደረቅ ሕግ ነው። በዓለም ባንክ መለኪያ የገቢ ልዩነቷ ከዓለም ከፍተኛዎቹ አንዱ በሆነባት በዚያች አገር፣ በ2024 የተሻሻለው የኩባንያዎች ሕግ የመንግሥት ኩባንያዎችና አክሲዮናቸውን ለሕዝብ መሸጥ የሚችሉ ኩባንያዎች ከፍተኛውን ተከፋይና ዝቅተኛውን ተከፋይ ደመወዝ፣ አማካዩን፣ እንዲሁም ከላይ ባሉት 5 በመቶና ከታች ባሉት 5 በመቶ ሠራተኞች መካከል ያለውን ልዩነት በይፋ እንዲያወጡ ይደነግጋል። በሕጉ ውስጥ ኡቡንቱ የሚባል ነገር የለም። ገንዘብ ያዡ ተነሥቶ ሒሳቡን ይናገር ከማለት ግን አይለይም። ፕሬዚዳንት ራማፎሳ በጁላይ 2024 ፈረሙበት። (ራማፎሳ በማሪካና ጊዜ የሎንሚን የቦርድ አባል እንደነበሩ አንባቢ ያስታውሳል።) በዲሴምበር 2024 መጨረሻ የሕጉ አብዛኞቹ ክፍሎች ሥራ ላይ ሲውሉ፣ የደመወዝ ልዩነቱን ይፋ አድርጉ የሚሉት አንቀጾች ለሌላ ጊዜ እንዲቆዩ ተደረገ።